የወንድሜ ባሕር፣ የአባቴ ደፍ

ባሕርን የሚያደንቁ ሰዎች በአብዛኛው ከዳር ሆነው ያዩት ናቸው። እኔም ከዳር ባየው ኖሮ አደንቀው ይሆናል። ያየሁት ግን ከመካከሉ ነው፤ በጥቅምት ወር፣ ረቡዕ ቀን፣ ባዶ ሆዴን፣ የጀልባ ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ።

ባደግኩበት በጋይንት ትልቁ ውኃ የክረምት ጎርፍ ነው። እሱም አፈራችንን ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ከእኛ ጋር ሌላ ጉዳይ የለውም። ትልቅ ዓሣ የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዮናስን ሲውጥ ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆችን በሚያወጣ ጀልባ ላይ ይሠራል ሲባል ለዘመድ ወዳጁ ማስረዳት የእኔ ዕዳ ሆነ። «ይሸጡታል?» ይሉኛል። አይሸጡትም። «ይበሉታል?» ብዙውን ጊዜ አይበሉትም። ይይዙትና ፎቶ ተነሥተው ይለቁታል። አክስታችን ነገሩን በጥሞና ካሰቡበት በኋላ፣ «ታዲያ ዓሣው ምን አጠፋ?» አሉ። ስለ ስፖርቱ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሂስ አልገጠመኝም።

እኔ የወረድኩት ለስፖርቱ አልነበረም። አባቴ ልከውኝ ነው።

አባቴ በቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅስናም አላቸው። ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ አስተምረዋል። እኔ ገና በልጅነቴ «ይህ ጉሮሮ አይሆንም» ተብዬ ለዘመናዊ ትምህርት ተለቀቅኩ። መጽሐፍ የማነብና በየመጽሔቱ የምጨቃጨቅ ሰው የሆንኩት ድምፅ ስላልነበረኝ ነው። ታናሼ ግን ድምፅ ነበረው። ዲያቆን ሆነ። ወንበሩን ይወርሳል ተብሎ ተወራለት። ከዐሥር ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ግን ወደ ጅቡቲ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። አባቴ በተማሪዎቻቸው ፊት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ሄደህ ተመልሰህ የዚህን ቤት ደፍ ብትረግጥ በሐዋርያት ቃል ውግዝ ሁን» አሉት። ሄደ።

ግዝት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ያሰረው ካህን በሕይወት እያለ ሌላ ካህን አይፈታውም። ሳይፈታው ከሞተ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ፍልሰታ ማግሥት አባቴ ወደቁ። እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አልጋ ላይ ቀሩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታናሽህን አምጣልኝ። ሳልፈታው ብሞት ለሁለታችንም ጥሩ አይደለም።»

«በስልክ ይፍቱታ» አልኳቸው።

«ያሰርኩት በስልክ ነው እንዴ?»

ወንድሜ ጋ ስደውል እሱም የራሱ ሕግ ነበረው። «ይፍቱኝና እመጣለሁ» አለ። ና ይፈቱሃል ስለው፣ «ሳልፈታ ያንን ደፍ አልረግጥም» አለ። አንደኛው ካልመጣ አልፈታም፣ ሌላኛው ካልተፈታሁ አልመጣም ይላል። ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸውና የሚረታ አልተገኘም። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሳምንት በወልድያና በሚሌ አድርጌ ራሴ ወረድኩ። ንፋስ መውጫ ጋቢዬን ተከናንቤ ተሳፈርኩ፤ ሚሌ ላይ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፤ ጅቡቲ ስደርስ ያላወለቅኩት ቆዳዬን ብቻ ነበር።

ታናሼን ጠቁሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። አንገቱ ላይ ማተቡ አለ። የጥጥ ክር በባሕር ውኃ ስለሚበሰብስ በጥቁር የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ለውጦታል። እጄን ሰድጄ ስነካው፣ «ይሄ አይበጠስም ጋሼ። ሃምሳ ኪሎ ይይዛል» አለኝ።

የሥራው ወራት ገና መግባቱ ነበር። እኛ አገር ክረምት በሚሆንበት ጊዜ እዚያ ከምድረ በዳው የሚነሣ ትኩስ ነፋስ ሰውን ያቃጥላል። ጥቅምት ሲገባ ነፋሱ ይተዋል። ውኃው ግን ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ትንንሾቹ ዓሦች መንጋ ሠርተው ወደ ጠረፉ ይጠጋሉ፤ ትልልቆቹ ይከተሏቸዋል፤ ትልልቆቹን ፈረንጅ ይከተላቸዋል። የጠረፉ ሰው ይህን ወቅት «በረደ» ይለዋል። እኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የምንለው ውርጩን ለመቋቋም ነው። እዚያ በጥቅምት አጥንቴም አላበው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደቡ ዳር ተቀምጠን ስለ አባታችን ተነጋገርን። ወንድሜ ሁሉንም ጠየቀ። ይበላሉ? ይተኛሉ? ማን ያገላብጣቸዋል? ስለ መሄድ ሳነሣ ግን ዓይኑን ወደ ጀልባዎቹ መለሰ።

«ጋሼ፣ ከእኔ ጋር የነበሩ ሦስት ሰዎችን ባሕሩ በልቷቸዋል። እኔን እስከ ዛሬ ያልበላኝ የየኔታን ቃል ስላልደፈርኩ ነው።»

የኔታ የሚላቸው አባታችንን ነው፤ ተማሪያቸው ስለነበረ አባባ ብሎ አያውቅም።

«እና ሳይፈቱህ ቢሞቱስ?»

«እሱን ነው የማስበው። ሌላ የማስበው የለም።»

መልስ ያጣ ታላቅ ወንድም ደግሞ ይመክራል። «ነገ ረቡዕ ነው። ባሕር ላይ ትጾማለህ?» አልኩት።

«እጾማለሁ። ውኃ ብቻ እጠጣለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ ከተጠጣ ምኑ ጾም ሆነ? አባባ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«የኔታ መጥተው አንድ ቀን ይዋሉና ያኔ ይፍረዱ።»

እውነቱን ለመናገር እኔ ረቡዕን ከጾምኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ንፋስ መውጫ ቤቴ በሬን ዘግቼ በስድስት ሰዓት ምሳዬን እበላለሁ። ነገር ግን የአባት መልእክተኛ ነኝ ብዬ ያን ያህል መንገድ መጥቼ፣ ልጁን ከእኔ ይልቅ ጿሚ ሆኖ ማግኘቴ ከነከነኝ። «እኔ ነገ አብሬህ እወጣለሁ። ጠብታም አልቀምስም» አልኩ።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ንፋስ መውጫ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ጾም ጾም ነው።»

ይህን ያልኩት ስለ ግብዝነት ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጀልባዋ ላይ አራት ነበርን፤ ዝምተኛው ካፒቴን፣ አንድ ጡረተኛ ፈረንሳዊ፣ ወንድሜና እኔ። ፈረንሳዊው አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ይፈልጋል። ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የሚዘረጋ ክንፍ ያለው፣ አፉ እንደ ጦር የሾለ ዓሣ ነው። ለእሱ ሲል ሦስት ዓመት በተከታታይ በዚህ ወር እየመጣ ባዶ እጁን ተመልሷል። ቁም ነገረኛ ሰው ይመስላል፤ በወጣትነቱ መምህር እንደነበረ ወንድሜ አስተረጎመልኝ። እኔ ደግሞ፣ ለምን ዓሣ ገዝቶ አይበላም ብለህ ጠይቀው አልኩ። ወንድሜ አልጠየቀልኝም።

ሥራው ሲያዩት ሥራ አይመስልም። አራት ዘንጎች ከጀልባዋ ኋላ ይተከላሉ፤ ከእያንዳንዱ ረጅም ክር ይለቀቃል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ዓሣ የሚመስል ፕላስቲክና መንጠቆ አለ። ከዚያ ጀልባዋ እንደ ሰነፍ በሬ እያዘገመች ትጎትታቸዋለች። ሰዓቱ ያልፋል። ፀሐይ ከላይ አንድ ጊዜ፣ ከውኃው ላይ ተመልሳ ሌላ ጊዜ ትመታሃለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ወንድሜ በየጥቂቱ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይጎነጫል፤ ሳይናገር ጠርሙሱን አጠገቤ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ሳልናገር በእግሬ እገፋዋለሁ።

«ጋሼ፣ እባክህ።»

«ሥራህን ሥራ።»

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ማላብ አቁሜአለሁ። ሰውነቴ ለመደው ብዬ ደስ አለኝ። በእኛ አገር ብርድ እንጂ ሙቀት ገደለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ አንዱ ዘንግ ጎበጠ። ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር አፍ አውጥቶ ጮኸ። ፈረንሳዊው ዘንጉን አንሥቶ ወገቡ ላይ ካሰረው መያዣ ውስጥ ሻጠው። ከሩቅ ዓሣው ከውኃው ወጣ። ሰማያዊ ነው፤ አይደለም፣ ጥቁር ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ በጭራው ቆመና ራሱን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘ። እውነቱን ልናገር፣ አማረኝ። አክስታችንን ረሳሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ሽማግሌው ይስባል፣ ዓሣው ይወስዳል፤ እንደገና ይስባል። ሰውዬው እንባ ይሁን ላብ በጉንጩ ይወርዳል።

የመጨረሻው ክፍል የወንድሜ ነው። ዓሣው ሲቀርብ ጓንት ባደረገ እጁ ክሩን ይይዛል፤ ቀስ ብሎ ወደ ጀልባዋ ያስጠጋዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያንን እንደ ጦር የሾለ አፍ ይጨብጣል። መንጠቆውን ካወለቀ በኋላ ወዲያው አይለቀውም። ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትሄድ ዓሣውን በውኃው ውስጥ አብሮ ያስኬደዋል፤ የደከመ ዓሣ ዝም ብለው ቢለቁት ይሰጥማልና። ጭራው በራሱ መቅዘፍ ሲጀምር ያኔ እጁን ይከፍታል። ይህን ሁሉ ማክሰኞ ዕለት ነግሮኝ ነበር። ሲነግረኝ ድምፁ እንደ ዲያቆንነቱ ዘመን ሆኖ ነበር።

ዓሣው ከጎናችን ደረሰ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አፉን ያዘ። ፈረንሳዊው ዘንጉን ለካፒቴኑ ሰጥቶ ፎቶ ማንሻውን ፈለገ። እኔም ለማየት ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ከዚያ የማስታውሰው ውኃው ወደ ላይ፣ ሰማዩ ወደ ታች መሆኑን ነው።

ከወገቤ በላይ ከጀልባዋ ውጭ ተንጠልጥዬ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ወንድሜ ዓሣውን ለቀቀና እኔን ያዘ። ዓሣው መንጠቆው እንዳለበት ከጀልባዋ ሥር ሰጥሞ ገባ፤ ክሩ ከሞተሩ መዘውር ጋር ተጠላልፎ ተበጠሰ።

ስነቃ ራሴ ወንድሜ ጭን ላይ ነው፤ በጣቱ ጥርሴን ይፈለቅቃል። «ዋጥ። ዋጥ አልኩህ» ይላል። ውኃው በአፌም በአፍንጫዬም ገባ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

«የኔታ የላኩህ እኔን ልታመጣ ነው ወይስ እጄ ላይ ልትሞት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል?»

«ሞልቷል» አለ። ስድስት እንኳ አልሞላም ነበር። ዲያቆን ሆኖ ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው የባዶውን ክር ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ተቀምጧል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሰደበን ካፒቴኑ ነው። ረጅም ሰዓት ተናገረ፤ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ምን አለ ስለው፣ «ነገ አትምጣ አለኝ» አለ። ወራቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረው፤ ሌላ ጀልባ ሰው አይፈልግም። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሱ የሚያስበው ሌላ ነበር። «መንጠቆው ከነክሩ አፉ ውስጥ ቀረ። ያ ዓሣ ይሞታል» አለ።

ሁለት ቀን ቤቱ ተኝቼ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣኝ። በሦስተኛው ቀን ልብሱን ሲያጥፍ አየሁት። «መንገዱ እስካሁን ክፍት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘመዶቻችን «ታላቁ አሳምኖ አመጣው» ይላሉ። አላሳመንኩትም፤ እንጀራውን አሳጥቼው መሄጃ ሲያጣ መጣ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ደብሩ ስንደርስ ገብሱ እየቀላ ነበር። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ግዝቱ ግቢውን አይጨምርም። ከበሩ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። በሩ ክፍት ነው። አባቴ ከውስጥ ከአልጋቸው ሆነው ይሰማሉ፤ አክስታችን አጠገባቸው ናቸው።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ የኔታ።»

«ግባ።»

«ይፍቱኝና ልግባ።»

«እጄን ራስህ ላይ ሳልጭን በምን ልፍታህ?»

«ሳልገባ ይጫኑልኝ።»

«እጄ ግቢ ድረስ አይደርስም፣ ልጄ።»

እኔ በመካከል ገብቼ፣ አልጋውን ለአራት ተሸክመን እናውጣዎ አልኩ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ከዚህ ቤት በሰው ትከሻ የምወጣው አንዴ ነው። በቁሜ አሟርታችሁ አታውጡኝ።»

ወንድሜን ደግሞ በአንድ እጁ ስቤ፣ ዝለልና ግባ፣ ደፉን ሳትረግጥ ዝለለው አልኩት። «የኔታን በዝላይ አላታልልም» አለ።

አክስታችን ብቅ ብለው ሁለታችንንም አዩን። «አባትና ልጁን አንድ አህያ ላይ ብትጭኗቸው አህያዋ አትንቀሳቀስም» ብለው ተመለሱ።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ቀን አለፈ። ወንድሜ ጎረቤት ቤት እያደረ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ያው ቦታ ይቆማል። የአባቴ ድምፅ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ የተሰጣቸውን ገንፎ መለሱ። ትንፋሻቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከጉሮሯቸው ይመላለስ ጀመር። ወንድሜ ትንፋሹን ከውጭ ይሰማል፤ እግሩ ግን አይነሣም። ያን ጊዜ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ከጎረቤት ድጅኖ ተውሼ በጓሮ ዞርኩና አባቴ በተኙበት በኩል ግድግዳውን መታሁት።

«ማነው ቤቴን የሚያፈርሰው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አበድክ?»

«አዎ።»

ምርጊቱ አሮጌ ስለሆነ በሦስት ምት ረገፈ። በሁለት ማገሮች መካከል ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጣ። አፈሩን በእጄ እጠርጋለሁ። ስለ ቀዳዳ የሚናገር ሥርዓት እንዳለና እንደሌለ አባቴ በልባቸው ሲፈትሹ እንደነበር እገምታለሁ። ትንሽ ቆይቶ የእጅ መስቀላቸው ወጣ፤ ቀጥሎ እጃቸው፣ ቀጥሎ እስከ ክርን ድረስ ክንዳቸው። አጥንት ብቻ ነበር። መስቀሉ ራሴ ላይ አረፈ፤ ጣቶቹም ዳሰሱኝ።

«ይሄ ራሰ በራ ነው። ሌላውን አምጣ» አሉ።

ወንድሜን ጠራሁት። ሮጦ መጥቶ ፍርስራሹ ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። አባቴ የሚፈቱበትን ጸሎት በግእዝ ጀመሩ። አላሳጠሩትም። ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመሩ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ከጨረሱም በኋላ እጃቸው እዚያው ቆየ። ወንድሜ አላለቀሰም፤ ጥፍሩ ግን ምርጊቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አሁን ዞረህ ግባ።»

በቀዳዳው አየሁት። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ደፉ ላይ አንድ እግሩን አሳረፈ፤ ቆየ፤ ሌላውን አስከተለ። መጥቶ አልጋው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቴ አዩት፤ እሱም አያቸው። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቃል በመካከላቸው ነበረ፤ እሱ ሲነሣ ምን እንደሚባባሉ የሚያውቁ አልመሰለኝም። የጅቡቲው ሥራ ከቀረ በኋላ የት እንደሚሄድ፣ እዚህስ ምን እንደሚሠራ፣ ማን ይጠይቀው? ድምፁ በጨው ሻክሯል፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞታል።

«አንተ ውጭ ያለኸው፣ ብርዱ ገባ፤ ድፈነው» አሉ አባቴ።

ጭቃ አቦክቼ ገለባ ቀላቀልኩበት። በእፍኝ በእፍኝ ከታች ወደ ላይ መረግሁት። የመጨረሻውን ሳስገባ ወንድሜ የአባቴን እግር በጋቢ ሲሸፍን አየሁ። ከዚያ ተዘጋ። ጆሮዬን እርጥቡ ምርጊት ላይ ለጥፌ ብዙ ቆየሁ። ከአባቴ ትንፋሽ በስተቀር ምንም አልሰማሁም።